ስምንት ሰዓት ላይ የት ትቀመጫለሽ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሁለቱ ከድሬዳዋ፣ አንዱ ከሐረር የመጡ ናቸው። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ስለሚፈልግ ሰፊውን ቦታ ለእሱ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው፤ ተከራይተን። በማኅበር ተደራጅተን 200 ካሬ ሜትር ቦታ አግኝተናል። እጃችን ላይ ያለው ብር መሠረት ለማውጣት እንኳ አይበቃም። ግን ማታ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ከባለቤቴ ጋር ቤታችንን በወሬ እንሠራለን። እሱ ስልኩ ላይ ፎቶ ያሳየኛል። ጂ ፕላስ ዋን ነው፤ ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ ግቢው በሴራሚክ የተነጠፈ። ያምራል፣ አልዋሽም። እኔ ዓይኔን ስጨፍን የሚመጣልኝ ግን ሌላ ነው። ዛፍ፣ በረንዳ፣ ውሃ የተረጨ መሬት ሽታ። ከዚያ በላይ መግለጽ ያቅተኛል። ስንት ክፍል እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም። እርስዎ ስንት ቤት የነደፉ ሰው ነዎት። የእርስዎ የሕልም ቤት ምን ይመስላል? እኔስ የኔን እንዴት ልሣለው?» ሰ.፣ ከሳቢያን

መልስ፦ እህቴ፣ የክፍሉ ቁጥር አያስጨንቅሽ። እሱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ቤት ሊያስነድፉ የሚመጡ ሰዎች ብዙዎቹ «ሦስት መኝታ፣ ሳሎን፣ ሁለት ሻወር» ብለው ይጀምራሉ። እኔ ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጌ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ የት ነው የምትቀመጡት? አብዛኛው ሰው ዝም ይላል። ድሬ ላይ ቤቱ ቤት መሆን አለመሆኑ የሚለየው ግን በዚያች ሰዓት ነው።

አንቺም ታውቂዋለሽ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቁ ይዘጋል። ባጃጁ ጥላ ፈልጎ ይቆማል። ሰው ሽርጡን ወይም ድሪያውን ለብሶ ጋደም ይላል፤ በርጫ ያለው በርጫው ላይ ነው። ፀሐይዋ እስክትበርድ ድረስ ከተማው ቤት ውስጥ ነው። ደጋ ያለ ሰው ቤቱን የሚያየው ጠዋትና ማታ ነው። እኛ ቀኑን እኩሌታ የምናሳልፈው በውስጡ ነው። ስለዚህ ያንን ሰዓት የማይችል ቤት፣ ፎቶው ምንም ያህል ቢያምር፣ ለድሬ ሰው ቤት አይሆነውም።

አሁን የኔን ልንገርሽ። የኔ የሕልም ቤት ከዚራ ሰፈር ውስጥ ነው፤ ዛፎቹ ከላይ ተገናኝተው ጥላ ከሚጥሉባቸው መንገዶች በአንዱ ላይ። ያደግሁት እዚያ ነው። አባቴ የባቡሩ ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር። ከተማዋም የተቆረቆረችው ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ነው። የያኔዎቹ የባቡር ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም ቆመዋል። ግድግዳቸው ወፍራም ነው። ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ ስለሆነ የሞቀው አየር ከራስሽ በላይ ይቀራል። በረንዳቸው ሰፊ ነው። መስኮታቸው ላይ የእንጨት መዝጊያ አለ፤ ፀሐዩን ዘግቶ ነፋሱን ያሳልፋል። ሠሪዎቹ ኤሲ አልነበራቸውም። ሙቀቱን የሚመክቱት በግድግዳ፣ በጥላና በነፋስ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ባለቤትሽን ይዘሽው በከዚራ በኩል እለፉ። ከውጪ ብቻ ብታዩዋቸውም ብዙ ትማራላችሁ።

የኔ ቤት ፎቅ የለውም። ጠበብ ብሎ ረዘም ያለ ነው፤ ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ይህ የውበት ጉዳይ አይደለም። ፀሐይ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ ትመጣለች። ዝቅ ያለችን ፀሐይ የጣራ ክፈፍ አያስቆማትም፤ በመስኮቱ ቀጥ ብላ ትገባለች። ስለዚህ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ የሚያዩት ግድግዳዎች አጭር ይሁኑ። በተለይ የምዕራቡ። በኔ ቤት ምዕራብ በኩል አንድም የሳሎን ወይም የመኝታ መስኮት የለም። እዚያ ያሉት ዕቃ ቤቱና ሻወሩ ናቸው። ሙቀቱን እነሱ ይቀበሉት።

መስኮቶቹ ያሉት በሰሜንና በደቡብ ነው፤ ፊት ለፊት። ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ መስኮት መክፈት ብቻውን ዋጋ የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «ሰሜን ጥላ ነው» ብሎ የሰሜኑን ክፈፍ ያሳጥረዋል። በእኛ አገር ግን የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ድረስ ያለችው በሰሜን በኩል ነው። ግንቦትና ሰኔ፣ ሙቀቱ በሚብስበት ጊዜ ማለት ነው። በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ትዞራለች። ታኅሣሥ ላይ ከሁሉም ወር ዝቅ ትላለች፤ ያኔ እንኳ ከግድግዳው አንድ ሜትር የወጣ ክፈፍ በደቡብ በኩል ቀትር ላይ 1.5 ሜትር ያህል ጥላ ወደ ታች ይጥላል። መስኮት ለመጋረድ ይበቃል። ለፎርማኑ «በሁለቱም በኩል ሜትር ይውጣልኝ» በይው። ከብዙ ጌጥ ይልቅ የሚጠቅምሽ ይሄ ነው።

ጣራውን በተመለከተ ከባለቤትሽ ጋር ትንሽ እንከራከራለን። ጂ ፕላስ ዋን ያለው በሶሌታ፣ ማለትም በኮንክሪት ጣራ ነው። ሶሌታ ቀኑን ሙሉ ሙቀቱን ሲያጠራቅም ውሎ ሌሊት መልሶ ይለቀዋል። ከሥሩ የተኛ ሰው ሌሊቱ ሲጋመስም ላቡን ይጠርጋል። ለቢሮ ምንም አይደለም፤ ማታ ማንም አያድርበትም። ለመኝታ ቤት ግን ድሬ ላይ ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበትን ሶሌታ አልመርጥም። ቆርቆሮ ቶሎ ይግላል፣ ቶሎም ይበርዳል። ከሥሩ ጥሩ ኮርኒስ ይኑረው። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሃል ያለው አየር የሚወጣበት ቀዳዳ በሁለቱም ጫፍ ይተውለት፤ ቀዳዳው ላይ ወንፊት ይመታበት። የቆርቆሮው ቀለም ነጭ ወይም ወደ ነጭ የቀረበ ይሁን። ደማቅ ቀይና ጥቁር ግራጫ አሁን ፋሽን ናቸው። ፋሽኑ የመጣው ከብርድ አገር ነው።

መኝታ ላይ ደረስን። ግንቦት ላይ ሰው ፍራሹን ለምን ግቢ አውጥቶ እንደሚተኛ ላንቺ አልነግርሽም። እኔም ልጅ ሆኜ ከወንድሞቼ ጋር ውጪ ነው ያደርነው፤ ዛሬም ቢሆን ከዚያ የተሻለ እንቅልፍ አላውቅም። ስለዚህ በሕልም ቤቴ ውስጥ የማደሪያ በረንዳ አለ። ከመኝታ ቤቱ በር ይከፈታል። ከላይ ጣራ አለው፤ ሦስት ጎኑ ከታች እስከ ላይ የትንኝ ወንፊት ነው። በሩ ከውስጥ ይቆለፋል። ሁለት የሽቦ አልጋና ሰሌን ይበቃዋል። ይህን ክፍል በብዙ ፎቶዎች ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። ለኔ ግን ከሳሎኑ ይቀድማል። አንቺም ገንዘቡ ካጠረሽ ሁለተኛውን ሻወር ትተሽ ይሄን ሥሪ።

ሳሎኑን ከሐረር ወስጄዋለሁ። አያቴ ጀጎል ውስጥ ትኖር ነበር። ሐረር 1,885 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው። የደንገጎን ዳገት ስትወጪ ነፋሱ ሲለወጥ ትሰሚዋለሽ። የዚያ አገር ግድግዳና የዚህ አገር ግድግዳ አንድ አይነት መሆን የለበትም። የሐረሪን ቤት እንዳለ አምጥተሽ ድሬ ላይ አትተክይም። የውስጡ ሥርዓት ግን የትም ይሠራል።

የሐረሪ ቤት ሳሎን ውስጥ ከቦታ ቦታ የሚገፋ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል። መቀመጫው ከቤቱ ጋር አብሮ የተሠራ ነው፤ ነደባ ይሉታል። ከፍና ዝቅ ያሉ አምስት መደቦች ናቸው፤ ምንጣፍና ትራስ ይደረግባቸዋል። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ቁም ሣጥን የለም፤ ግድግዳው ራሱ መደርደሪያ አለው። ቁርዓኑ፣ መጻሕፍቱ፣ የሸክላ ዕቃው እዚያ ይቀመጣል። ከላይ ሰፌዱና ሞሶቡ በቀለሙ ተራ ተራውን ይሰቀላል። ከዋናው ክፍል ጎን ኪርታት አለ፤ አዲስ ሙሽሮች የሚገቡባት ትንሽ ክፍል። መደቡና ወለሉ በቀይ አፈር ይቀባል። ቀለሙ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ይላሉ የሐረር ሰዎች። አያቴ በየጊዜው ስታድሰው አጠገቧ ሆኜ አይ ነበር፤ እጇ እስከ ክርኗ ቀይ ይሆን ነበር።

እኔ ከዚህ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ መደቡን። በሳሎኔ ሰሜን ግድግዳ ሥር ዳር እስከ ዳር የተሠራ መደብ አለ። ከድንጋይ ተገንብቶ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ቀይ፣ ልሙጥ። ድንጋይ መሬት ላይ ሲቀመጥ ቀዝቃዛ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ የምቀመጠው እዚያ ነው። ወፍራም ስፖንጅና ከፋይ የለበሰ ትልቅ ሶፋ ድሬ ላይ ለምን እንደምንገዛ አይገባኝም፤ ገና ስትቀመጪ ጀርባሽ ያልብሻል። መጅሊስ፣ የወለል ላይ ፍራሽና ትራሱን፣ የሚያነጥፉት ጎረቤቶቻችን ይሻላሉ። ሁለተኛ የግድግዳ መደርደሪያውን። ግድግዳው ሲሠራ ቦታው ከተተወ ከቁም ሣጥን በጣም ይረክሳል፤ ጠባብ ቤትም ያሰፋል። 200 ካሬ ላይ ለምትሠሩት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ማዕድ ቤቱ ከቤቱ ተለይቶ ግቢው ውስጥ ነው። እንጀራ የሚጋገርበትን ክፍል ከመኝታ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ማያያዝ በዚህ ሙቀት ኃጢአት ነው ባይ ነኝ። ምዕራብና ደቡቡ ግድግዳ፣ የቀረው ወገቡ ድረስ ብቻ የተሠራ። ምጣድ ላይ ሆነሽ ልጆቹን ታያቸዋለሽ፤ ከሚገባውም ከሚወጣውም ጋር ታወሪያለሽ። በዘመናዊው ፕላን ላይ ማዕድ ቤት ከኋላ ተደብቆ፣ አንድ ጠባብ መስኮት ተደርጎለት ሳይ ያናድደኛል። በእኛ ቤት ሴቶች ግማሽ ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉበት ክፍል ነው። ነፋስ ይገባዋል። ፕላኑ ሲነደፍ ቁጭ ብለሽ በዚህ ላይ እንዳትለቂ።

ውሃ። ሮቶው ጥላ ሥር ይቀመጥ፤ ፀሐይ ላይ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ከሻወሩ የሚወርደው የፈላ ውሃ ነው። የድሬ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ነው፣ ጠንካራ ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ነጭ ንጣፍ እንደሚሠራው ሁሉ የሻወሩን ቀዳዳዎችም ይደፍናል። ስለዚህ በቀላሉ የሚፈታና የሚጸዳ ቧንቧ ምረጪ፤ ያሸበረቀውን ተዪው። ክዳኑን ግን እለምንሻለሁ። ደንጊ ትኩሳት በ2006 ዓ.ም. ድሬን ሲመታ እናስታውሳለን። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባው በከተማው በረታ፤ ያመጣችው በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ አዲስ የወባ ትንኝ ናት። ሁለቱም ትንኞች ክፍት ሮቶና በርሜል ይወዳሉ። በሕልም ቤትሽ ውስጥ ክዳኑ የማይገጥም አንድም በርሜል አይኑር።

የጻፍሽልኝ «ውሃ የተረጨ መሬት ሽታ» በጣም ደስ አሰኝቶኛል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግቢውን መጥረግ፣ ውሃ መርጨት፣ ከዚያ ምንጣፍ አውጥቶ ቡና ማፍላት። ውሃው ሲተን አየሩን በእውነት ያቀዘቅዘዋል፤ እናቶቻችን ያውቁ ነበር። ሴራሚክ ላይ ይህ የለም። ሴራሚክ ፀሐዩን መልሶ ፊትሽ ላይ ይረጨዋል፤ ማታም ይግላል፤ ሲረጥብም ልጅ ያዳልጣል። ከበሩ እስከ በረንዳው የሚያራምድ የድንጋይ መንገድ ይበቃል። የቀረው አፈር ይሁን። እዚያ ላይ ሎሚ፣ ጊሽጣ፣ ዘይቱን ትተክያለሽ። በምዕራብ በኩል ኒም ትከሉ፤ ዛሬውኑ፣ መሠረቱ ሳይወጣ። ብር እስክታጠራቅሙ ዛፉ ያድጋል። ቤቱ ሲያልቅ ጥላው ይጠብቃችኋል። የድሬዳዋ ዛፍ የምንለውን፣ ያን ቀይ አበባ ያለውን ከፈለግሽ ግን ከቤቱ አርቂው። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ ወለል ይሰነጥቃል። ከአጥር ውጪ ለመንገዱ ብትተክሉት ሰፈሩም ይመርቃችኋል።

ቦታችሁ በትክክል የት እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። አንድ ነገር ብቻ በብርቱ ልበል። ወደ አሸዋው አትጠጉ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት 1998 ዓ.ም. ከደጋው የወረደው ውሃ ግን ከ200 በላይ ሰው ገድሏል፤ ሺዎችን ቤት አልባ አድርጓል። ጎርፉ የሚመጣው ከተራራው ስለሆነ ከተማው ላይ ባይዘንብም ይደርሳል። ቦታችሁ አጠገብ ትንሽም ብትሆን ደረቅ ቦይ ካለች የሰፈሩን አዛውንት ጠይቁ። «ውሃው እስከ የት መጥቶ ያውቃል?» በሏቸው። ከዚያ ምልክት በላይ ወለላችሁን ከፍ አድርጉ። የማይቻል ከሆነ ቤቱን ከመሥራታችሁ በፊት ቦታ ስለመለወጥ አስቡ።

ባለቤትሽን ደግሞ አታሳፍሪው። ያንን ፎቶ የሚያሳይሽ ልፋቱ እንዲታይለት ስለሚፈልግ ነው። ትክክል ነው፣ መታየት አለበት። መስታወቱን ስጪው፤ ግን በሰሜን በኩል፣ ሁለት ሜትር ጥልቀት ካለው በረንዳ ሥር ይሁን። ከመንገድ ሲታይ ያምራል፤ ፀሐይም አይነካውም። እንግዶቹን ከምሳ በኋላ የሚያስቀምጠው እዚያ ነው። ይህን ስትነግሪው ከፎቶው የበለጠ ደስ እንደሚለው እርግጠኛ ነኝ።

«የኔን እንዴት ልሣለው?» ላልሽው፣ ወረቀት ላይ አትጀምሪ። ኖራ ያዙና ሁላችሁም ቦታው ላይ ሂዱ። ክፍሎቹን መሬቱ ላይ በኖራ አስምሩ። ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እየሄዳችሁ በመስመሮቹ መሃል ቁሙ። ልጆቹን «መኝታችሁ የት ይሁን?» በሏቸው፤ ሄደው ይተኙበት። አንቺ ምጣድሽ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቁጭ በዪ። ነፋሱ ከየት በኩል እንደሚመጣ ነጠላሽን ከፍ አድርገሽ እዪ። ካልተስማማችሁ መስመሩን በእግር አጥፍቶ እንደገና መሳል ነው፤ ብር አያስወጣም። ከዚያ በኋላ ስንት ክፍል እንደምትፈልጊ ማንም ሳይነግርሽ ታውቂዋለሽ።

ጥያቄ፦ «ሐረር ነው የምኖረው፤ ከጀጎል ውጪ። አስተማሪ ነኝ፤ ገና አላገባሁም። አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ፤ መስኮቷ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ያያል። በደሞዜ ቤት እሠራለሁ ብዬ አላስብም። ግን ደብተር አለኝ። የሕልም ቤቴን እጽፍበታለሁ። ወደ ሐኪም ተራራ የሚያይ መስኮት፣ ከመስኮቱ ሥር ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን የሞላ የመጻሕፍት መደርደሪያ፣ የጠዋት ፀሐይ፣ ማታ የጅብ ድምፅ። ጓደኞቼ አወቁብኝና ‹ሕልም አትብላ› ይሉኛል። ጊዜዬን እያባከንኩ ነው?» ተ.፣ ከሐረር

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላባከንክም። ደብተርህን ቀጥልበት። ቤት ሊያስነድፉ ከሚመጡ ሰዎች መካከል አንተ የጻፍካትን ያህል አጥርቶ የሚናገር ጥቂት ነው። ብር ይዘው፣ ቦታ ይዘው «እርስዎ እንዳመቸዎት» የሚሉኝ አሉ። እንደዚያ የተሠራ ቤት ባለቤቱ እስኪሞት ድረስ የኮንትራክተሩ ቤት ሆኖ ይቀራል።

ለሰ. ከላይ የጻፍኩላትን ግን ለራስህ እንዳትወስደው። የሐረር ሌሊት ይበርዳል። እዚያ ፀሐይ ትፈለጋለች። የምሥራቅ መስኮት ያልከው ልክ ነው፤ ጠዋት ክፍሉን ያሞቅልሃል፤ ደብተር ለማረምም ብርሃኑ ለስላሳ ነው። የሐኪም ተራራ ግን ከከተማው በደቡብ በኩል ነው። የጠዋት ፀሐይንና ተራራውን በአንድ መስኮት አታገኛቸውም። የማዕዘን ክፍል ያስፈልግሃል፤ አንድ መስኮት ወደ ምሥራቅ፣ አንድ ወደ ደቡብ። ጠረጴዛውን በማዕዘኑ ላይ አድርገው። ደብተርህ ላይ አስተካክለው።

አንድ ነገር ደግሞ አስተዋልኩ። በጻፍከው ቤት ውስጥ ካንተ በቀር ሰው የለም። ጠረጴዛው አንድ፣ ወንበሩም አንድ ነው። እናትህ ቢመጡ የት ይተኛሉ? ተማሪህ ችግር ይዞ ቢያንኳኳ የት ይቀመጣል? በአያቴ ቤት ከበሩ አጠገብ ያለው መደብ ላይ ድንገት የመጣ ሰው ይቀመጥ ነበር። ማን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ቦታው ግን ሁልጊዜ አለ፤ ምንጣፉም ንጹህ ነው። ያንን መደብ ደብተርህ ላይ ጨምርበት። ቤቱ ሌላ ቤት ይሆንልሃል።

ይህን ለማድረግ ደግሞ ቤት እስክትሠራ መጠበቅ የለብህም። በተከራየኸው ክፍል ከበሩ አጠገብ አንድ ዝቅ ያለ አግዳሚ አስቀምጥ። ከአናጢ ጣውላ ለምነህ መደርደሪያውን አሁኑኑ ጀምር፤ ስትለቅ ነቅለህ ትወስደዋለህ። ሰፌድ ግዛና ስቀል። የሚያምር የሐረር ሰፌድ ዋጋው ቀላል አይደለም፣ የሚሰፉት እናቶች ድካምም እንደዚያው ነው፤ ግን ከቤት ቤት ይከተልሃል። የምሥራቅ መስኮት ያለው ክፍል እዚያው ሐረር ውስጥ ይከራያል። ሲለቀቅ እንዲነግሩህ ሰፈር ውስጥ ለምታውቃቸው ሁሉ ተናገር። የጅቡ ድምፅ በነፃ ነው፤ እሱን አግኝተሃል።

ጥያቄ፦ «ጡረተኛ ነኝ፤ ከዚራ ነው ቤቴ። ግቢዬ ውስጥ ትልቅ ኒም አለ፤ ራሴ ነኝ የተከልኩት። ልጄ መኪና ገዛ። ኒሙ ተቆርጦ በቦታው የቆርቆሮ ጋራዥ ይሠራ ይላል። ቅጠሉ አሸንዳውን ይደፍናል፣ ሥሩ ቤቱን ያፈርሳል ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?» የከዚራ ነዋሪ

መልስ፦ አባቴ፣ አያስቆርጡት። በዚህ ላይ ሁለት ሐሳብ የለኝም። ያንን የሚያህል ጥላ እንደገና ለማግኘት ዓመታት ይፈጃል፤ የቆርቆሮ ጋራዥ ግን በማንኛውም ሳምንት ይሠራል።

ልጅዎ ያነሳው ነገር ግን ከንቱ አይደለም። አሸንዳው በየጊዜው ይጠረግ፤ ከክረምቱ በፊት ግዴታ ነው። ከቆርቆሮው በላይ የተንጠለጠሉትን ቅርንጫፎች ያስገርዙ። ሥሩን በተመለከተ ግንዱ ከቤቱ መሠረትና ከሴፕቲክ ታንኩ ምን ያህል እንደሚርቅ ይለኩ። ግድግዳው ላይ ወይም ወለሉ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካዩ ባለሙያ ጠርተው ያስቆፍሩና ይዩት። ስንጥቅ ከሌለ በግምት ዛፍ አይቆረጥም።

መኪናው ከኒሙ ሥር ይቁም። ቅጠልና የወፍ ኩስ ይወድቅበታል፤ በሸራ ይሸፈናል። ልጅዎ ካላመነ ግንቦት ላይ መኪናውን አንድ ቀን የሰው ቆርቆሮ ጋራዥ ውስጥ፣ በማግሥቱ ከኒሙ ሥር ያቁመውና ስምንት ሰዓት ላይ መሪውን ይንካው።